ያለ ችሎት የተፈረደበት ንጉሥ

በ1882 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያ ላይ ካፋ አዲስ ንጉሥ አነገሠች። ታቶ ጋሊቶ ዐርፈው ነበርና ልጃቸው ጋኪ ሸሮቾ የአባታቸውን ዙፋን ወረሱ። «ታቶ» ካፋዎች ንጉሣቸውን የሚጠሩበት ማዕርግ ነው። አገሬው ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ በኖረው ታሪክ መሠረት የሚንጆ ሥርወ መንግሥት ከ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ የመጣ ነው። ያን ዕለት ዘውዱን የደፉት ሰው አምስት መቶ ዓመት የተጠጋ የንግሥና ሐረግ ተረከቡ ማለት ነው።

የተረከቧት አገር ከሁሉም አቅጣጫ የተጠበቀች ነበረች። በሰሜን የጎጀብ ወንዝ ከጅማ ይለያታል። በምሥራቅ ኮንታና ዛሬ ዳውሮ የምንለው ኩሎ ያዋስኗታል። በደቡብ በዘመኑ ጊሚራ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ሚዛን ተፈሪ የምትገኝበት የቤንችና የሸ ሕዝቦች ምድር አለ። በምዕራብ ደግሞ ወደ ቴፒ አቅጣጫ የሚወርደው የማጃንግ ደን ይዘረጋል። በወሰኑ ላይ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ፣ ከቦዩ ኋላ የእንጨት አጥር ተተክሎ፣ ሰው የሚገባውና የሚወጣው በተወሰኑ በሮች ብቻ ነበር። በሮቹን ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ማንጆዎች ይገኙበታል። አዳኞች ናቸው፤ የደኑን መግቢያና መውጫ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ኅብረተሰቡ ግን ዝቅ አድርጎ ይመለከታቸው ነበር።

በበሮቹ በኩል ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ኮረሪማና ማር ይወጣል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል። ባሪያም ይሸጥ ነበር። የካፋን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን መሸሸግ የለበትም። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ከእርሱ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያችን አገር በዓይኑ ያየ አውሮፓዊ በጣት የሚቆጠር ነው።

ንጉሡ ራሳቸውም ከሕዝብ ዓይን የተከለሉ ነበሩ። ታቶ ሲመገቡ ማንም አያያቸውም፤ መጋረጃ ይጋረዳል። ፊታቸው የቀረበ ሰው መሬት ላይ ተደፍቶ እጅ ይነሣል። ይህ ሁሉ ክብር ግን እንዳሻቸው እንዲገዙ አላደረጋቸውም። ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ከጎናቸው ነበሩ፤ ትልቅ ጉዳይ ያለ እነርሱ ምክር አይቆረጥም። የእኚህን ሰው የኋላ ዕጣ ለመረዳት የመጋረጃውን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሲበሉ እንኳ ለሰው የማይታዩት ንጉሥ፣ ከነገሡ ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በገዛ አገራቸው ደን ውስጥ ከዱካ ፈላጊ ወታደር ዓይን ሊሰወሩ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከመንገሣቸው አስቀድሞ ነው። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። ውጊያው በዋናነት ስለ ደቡብ ምዕራቡ ሀብት፣ ስለ ዝሆን ጥርሱ፣ ስለ ዝባዱና ስለ ቡናው ነበር። ምኒልክ አሸነፉ። የጊቤ ነገሥታት አንድ በአንድ ወደ አሸናፊው ዞሩ። የጅማው አባ ጅፋር ዳግማዊ በጊዜ ገበሩና ዙፋናቸውን አተረፉ። ከጎጀብ ማዶ የነበረችው ካፋ ግን በቦይዋና በበሮቿ ኋላ ቆየች።

ቀጥሎ የመጣው ወረቀት ነው። በ1883 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን ዘርዝረው አሳወቁ። በምዕራብ እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ ያለውን አገር የኢትዮጵያ ነው አሉ፤ ከሩቅ የመጡ መንግሥታት አፍሪካን ሲከፋፈሉ እጄን አጣጥፌ አልመለከትም የሚል ቃልም አኖሩበት። ዘመኑን ስናስብ ደብዳቤው የብልህ መሪ ደብዳቤ ነው። እንግሊዝ ከዑጋንዳ በኩል፣ ጣልያን ከባሕሩ በኩል እየቀረቡ ነበር። ነገር ግን ካፋም በዚያ ወሰን ውስጥ ነበረች። ታቶ ጋኪ ከነገሡ አንድ ዓመት ነው፤ ማንንም አልወረሩም፤ ማንም ከሶ አላቀረባቸውም። ፍርዱ ግን ተጽፎ አልቋል። ይህን ታሪክ በጣም ከባድ የሚያደርገው ለእኔ ይህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ፍርዱ መጣ፤ ጥፋቱ ቆይቶ ተፈለገለት።

በ1887 ዓ.ም. ለወላይታው ንጉሥ ለካዎ ጦና የመገበር ወይም የመዋጋት ምርጫ ቀረበላቸው። አልገብርም አሉ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱባቸው። በዚያ ዘመቻ ያለቀው ሕዝብ ብዛት እስከ ዛሬ የሚያሳዝን ነው። ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ወሬው ካፋ ሳይደርስ አልቀረም፤ በኩሎና በኮንታ በኩል ጎረቤት ናቸውና። በዓመቱ ዐድዋ ሆነ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኩራት የሆነው ድል ተገኘ። ድሉን የምናከብር ሁሉ አንድ እውነት አብረን መያዝ ይኖርብናል፦ ዓመት ሳይሞላ፣ ከዐድዋ የተመለሰው ጦርና ጠመንጃ ፊቱን ወደ ካፋ አዞረ።

ክሱ ምን ነበር? ግብር አልከፈሉም፤ አልገብርም አሉ። በካፋ ሕግ ይህ ወንጀል ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ታቶ የራሳቸው አገር ንጉሥ ናቸው። ሸዋ ውስጥ ፍትሐ ነገሥት ነበረ፤ የችሎት ሥርዓት ነበረ፤ ሌባ እንኳ ተከራክሮ ይፈረድበት ነበር። ጋኪ ሸሮቾ ግን ከሳሽም ዳኛም ፊት ሳይቆሙ ነው የሚታደን ሰው የሆኑት።

በ1889 ዓ.ም. ዘመቻው ተከፈተ። የጦሩ አለቃ የዐፄ ምኒልክ ዘመድ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ነበሩ። ደጃዝማች ደምሰው ጦራቸውን ይዘው መጡ፤ ከጎጀብ ማዶ ደግሞ አባ ጅፋር ወታደራቸውን አሰለፉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጦር፣ አብዛኛውም ጠመንጃ የያዘ፣ ጦርና ጋሻ በያዘች አገር ላይ ዘመተ። ካፋዎች የነበራቸው ጠመንጃ ከጥቂት መቶ አያልፍም። ቦዩና አጥሩ ለፈረሰኛና ለጦር ወርዋሪ የተሠራ ነው፤ ከሩቅ የሚተኮስ ጥይት አያቆምም። መዲናዋ አንደራቻ ተያዘች። ትልቁ ግቢ በአሸናፊው እጅ ወደቀ፤ ራስ ወልደ ጊዮርጊስም መቀመጫቸውን እዚያው አደረጉ።

ንጉሡ ግን አልተገኙም።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዘጠኝ ወራት ገደማ የዚህ ታሪክ ልብ ናቸው። መዲና የተያዘባት አገር እጇን ትሰጣለች ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ካፋ አልሰጠችም። ካፋዎች ዘንድ ንግሥናው ያለው በታቶ ሕይወት ውስጥ ነው። እርሳቸው በሕይወት እስካሉና እስካልተያዙ ድረስ ጦርነቱ አላለቀም። አሳዳጁም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዘመቻው አገር ከመያዝ አንድ ሰው ወደ መፈለግ ተለወጠ።

የካፋን ደን ያየ ሰው ፍለጋው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚወርደውን መንገድ ዛሬም ቢሆን በመኪና ስንሄድ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት እርምጃ ገባ ያለ ሰው ከዓይን ይጠፋል። ግዙፍ ዛፎች ከላይ ሰማዩን ይከልላሉ፤ ከሥራቸው ቡናው በገዛ እጁ በቅሎ ቆሟል፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማው ጥቅጥቅ ብሏል። ሸለቆው ሁሉ ጅረት ነው። ቁልቁለቱ ላይ የቀርከሃ ጫካ አለ። ጉም ሲወርድ አሥር ክንድ ርቆ ያለ ሰው አይታይም። ዝናቡ የካቲት ላይ ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅበት አገር ነው፤ ዱካ ውሎ አያድርም።

ሸሽቶ መኖር ግን መሸሸጊያ ብቻ አይበቃውም፤ እህል ይፈልጋል። የካፋ ሰው ጉልበት እንሰት ነው። እንሰት በጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ነው፤ ጎርፍም ድርቅም ቶሎ አይጥለውም። ነገር ግን ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የዚያ ዘመን ዘማች ስንቁን ከዘመተበት አገር ጓሮ ያገኛል፤ የተቆረጠው እንሰት በዓመቱ አይተካም። ስለዚህ ወራቱ በረዘሙ ቁጥር የሚያልቀው የንጉሡ ስንቅ ብቻ አልነበረም፤ የሚሸሽጋቸውም ሕዝብ ስንቅ ነበር። ረኃብ ገባ፤ በሽታ ተከተለ። ሰው በወታደር እጅ ወደቀ፤ ብዙው በባርነት ተነዳ። ታቶ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ሲዛወሩ ይህ ሁሉ በሕዝባቸው ላይ ይደርስ ነበር። እጃቸውን ቢሰጡ ይቆም ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ወላይታ ላይ የሆነውን ለሰማ ሰው መልሱ ቀላል አልነበረም። በእነዚያ ወራት ያበላቸው፣ መንገድ ያሳያቸው፣ አላየሁም ብሎ ያለፈላቸው ሰው ቁጥሩ ስንት ይሆን? ስማቸው አልተጻፈም፤ ለእኔ ግን የዚህ ታሪክ ትልቁ ጀግንነት የእነርሱ ነው።

ዓለም በእነዚያው ወራት ሥራ ላይ ነበረች። በመጋቢት 1889 ዓ.ም. የኦሞን ወንዝ ተከትሎ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና እስከምንለው ድረስ የተጓዘው ጣልያናዊ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በምዕራብ ወለጋ ተገደለ። በግንቦት የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ ላይ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ። አውሮፓውያኑ ካርታ ይሥሉ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም ካርታው ሳይደርቅ መሬቱ ላይ ለመገኘት ይጣደፉ ነበር። ያ ጥድፊያ ምክንያት ነበረው። ምክንያት መኖሩ ግን በጋኪ ሸሮቾ ላይ የተደረገውን ፍትሕ አያደርገውም።

በምዕራብ አፍሪካም ያንኑ ዓመት ሌላ ንጉሥ በደን ውስጥ ነበር። በየካቲት 1889 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ያለችውን የቤኒንን ከተማ ያዘ፤ ታላላቆቹን የነሐስ ሥራዎች ዘረፈ። ንጉሡ ኦባ ኦቮንራምዌን ሸሽተው ለስድስት ወር ያህል ከደኑ ሳይወጡ ቆዩ፤ በሐምሌ መጨረሻ ተመልሰው እጃቸውን ሰጡ። ከዚያም እንግሊዞች ችሎት አቆሙላቸው። የአሸናፊ ችሎት ነው፤ ቢሆንም ምስክር ተሰማ፤ ቃላቸው ተመዘገበ። ወደ ካላባር ተግዘው እ.ኤ.አ. በ1914 እዚያው ሞቱ። የካፋው ንጉሥ ያቺን የይስሙላ ችሎት እንኳ አላገኙም።

ክረምቱ አልፎ አዲሱ ዓመት 1890 ገባ። አበባው በፈካባቸው፣ ሌላው አገር እንኳን አደረሳችሁ በሚባባልባቸው በእነዚያው የመጀመሪያ የመስከረም ቀናት ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ። እንደሚተረከው በመጨረሻ አብሯቸው የቀረ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ የለበሱትም የተራ ገበሬ ልብስ ነበር። መጋረጃ ይጋረድላቸው የነበሩት ሰው በብርሃን፣ በወታደሮች መካከል ቆሙ።

ወደ ሰሜን ሲወሰዱ መንገዱ በጎጀብ በኩል ነው። ካፋዎች ስለዚያ መሻገሪያ የሚያወሩት ነገር አለ፦ ንጉሡ ወንዙ መካከል ሲደርሱ የንግሥና ጌጣቸውን አውልቀው ውኃው ውስጥ ጣሉት፤ የካፋ ንግሥና በእኔ ያበቃል ማለታቸው ነበር ይላሉ። የታሰሩበት ሰንሰለት ከብር የተሠራ ነበር ተብሎም ይነገራል፤ ንጉሥ በብረት አይታሰርም በሚል። መጀመሪያ ወደ አንኮበር ተላኩ፤ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። አንኮበር ተራራማና ብርዳማ ነው፤ ቡና አይበቅልበትም፤ የካፋዎችን ቋንቋ ካፊኖኖን የሚናገር ሰው አይገኝበትም።

ዘውዱም ተማረከ። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ እርሱም ወደ ስዊዘርላንድ ወሰደው። ካፋዎች ዘውዱ ካለ ንግሥናው ይነሣል ብለው ያምኑ ስለነበር ከአገር እንዲርቅ ተደረገ ይባላል። አንድን ሕዝብ ለማሸነፍ ሰውየውን ማሰር በቂ ሳይመስል ቀርቶ ዘውዱንም ባሕር ማሻገር አስፈልጓል።

በጥር 1890 ዓ.ም. አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ ሩሲያዊ መኮንን አንደራቻ ደረሰ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ቀጣዩን ዘመቻ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ሊመሩ ተዘጋጅተው ነበር፤ እርሱም አብሮ ሄደ። የቡላቶቪች መጽሐፍ ለዐፄ ምኒልክ ባለው አድናቆት የታወቀ ነው። ሆኖም ወደ ካፋ መዲና ሲቃረብ ያየውን አልሸሸገም፦ የሰው አጥንት በየሜዳው ተበትኖ ነበር። አድናቂ የጻፈው በመሆኑ ምስክርነቱ ከብዙ ሰነድ ይበልጥብኛል። ጦሩ ከዚያ በጊሚራና በሸ ምድር አልፎ፣ ዛሬ በሚዛን በኩል ወደ ማጂ በምንሄድበት አቅጣጫ ወደ ደቡብ ወረደ። የካፋ ዕጣ ለጎረቤቶቿም ደረሰ፤ የባሪያ ፍንገላው በጊሚራ አገር ለዓመታት ቀጠለ፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ1905 ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቢበር ካፋ ደረሰ። የቀድሞውን ሥርዓት የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ እርሱም የነገሩትን መዘገበ። ሁለቱ ጥራዞች እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 ታተሙ። ስለ ታቶዎቹ ግቢ፣ ስለ ሚክረቾ፣ ስለ ወሰኑ ቦይ ዛሬ በጽሑፍ ከምናውቀው ብዙው ከዚያ የመጣ ነው።

ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1919 በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ዐፄ ምኒልክ ሞተው፣ ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ይዘው ወርደው፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዙፋን ላይ ተቀምጠው ነበር። መንግሥት ሁለት ጊዜ ሲለዋወጥ የእኚህን እስረኛ ጉዳይ መርምሮ «ጥፋታቸው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ችሎት አልነበረም። የነገሡት ሰባት ዓመት፣ የታሰሩት ከሃያ ዓመት በላይ ነው።

ዘውዱ እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊዘርላንድ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመለሰ። የሚገርመው በዚያው ዓመት፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት ሳም ሼፐርድ የተባለ ሐኪም ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ተፈረደበት። እርሱ አልገደልኩም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎቱ ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ ፍርዱን ሻረው፤ እንደገና ተዳኝቶም ነጻ ወጣ። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ «ዘ ፊዩጂቲቭ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ተጀመረ፦ በሐሰት የተፈረደበት ሐኪም እየተሳደደ እውነቱን ይፈልጋል። አዘጋጁ ከሼፐርድ ታሪክ አልወሰድኩም ቢልም ብዙ ሰው ሁለቱን ያያይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሃሪሰን ፎርድ ተሳዳጁን፣ ቶሚ ሊ ጆንስ አሳዳጁን ሆነው የሠሩት ፊልም ወጣ፤ ጆንስ በዚያ ሥራው የኦስካር ሽልማት አገኘ። እኛም አገር ብዙ ሰው አይቶታል። ተሳዳጁ ከግድቡ አናት ሲዘል ትንፋሻችንን ይዘናል፤ ንጹሕ መሆኑን እናውቃለንና እንዲያመልጥ ተመኝተናል።

የእኛው አገር ተሳዳጅ በገዛ ደናችን ውስጥ ዘጠኝ ወር ሮጧል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የተሸሸጉበት ዓይነት ሸለቆ ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ ምዕራብ ክልል ሆኗል፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ መቀመጫዎቹ ናቸው፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም እዚያው አለ። ታሪኩን የሚያጠና፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ ካሜራ መያዝ የሚችል ወጣት በአካባቢው ሞልቷል።

ስለዚህ ለፊልም ሠሪዎቻችን የምለው አለኝ። ወደ ቦንጋ ሂዱ። የአንደራቻን አዛውንት ጠይቁ፤ የማንጆን ሽማግሌም አትርሱ፤ በየችሎቱና በየመጽሐፉ ያልተሰማው እርሱ ነውና። ንጉሡ በፊልሙ በካፊኖኖ ይናገሩ፤ አማርኛውን ከሥር እናነበዋለን። ራስ ወልደ ጊዮርጊስንም እንደ ጭራቅ አትሣሏቸው፤ የታዘዙትን የሚፈጽሙ የዘመናቸው ሰው ነበሩ። ንጉሡን የሸሸጉትን ሰዎች ግን በደንብ አሳዩን። ሥራውንም አሁን ጀምሩት፤ ከአያቶቹ የሰማውን የሚናገረው ትውልድ በየዓመቱ እያነሰ ነው።